ባለዕዳ አይመነኩስም፦ የቡድሂስት ምንኩስና ታሪክ በዋሽንግተን ዙሪያ

በቡድሂስት ሥርዓት መመንኮስ የፈለገ ሰው በመነኮሳት ጉባኤ ፊት ቀርቦ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። መጀመሪያ ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ ለምጽ፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ሕመም እንዳለበትና እንደሌለበት። የሚቀጥሉት አጫጭር ናቸው፦ ሰው ነህ? ወንድ ነህ? ነጻ ነህ? ዕዳ የለብህም? በንጉሥ አገልግሎት ውስጥ አይደለህም? እናት አባትህ ፈቅደዋል? ሃያ ዓመት ሞልቶሃል? ሳህንህና ልብስህ ተሟልቷል? ጥያቄዎቹ በፓሊ ቋንቋ የቆዩ ናቸው፤ በስሪላንካ፣ በታይላንድ፣ በበርማና በካምቦዲያ መነኮሳት ዘንድ ዛሬም በዚያው ቋንቋ ይነበባሉ። ልብ ብሎ ለሚያያቸው ሰው የሚያስገርመው በውስጣቸው የሌለው ነገር ነው። ምን ታምናለህ፣ ዓለምን ንቀሃል ወይ፣ ስንት መጽሐፍ ተምረሃል የሚል አንድም የለም። ጉባኤው የሚጠነቀቀው ከደጅ ቆሞ ሰውየውን ሊጠይቅ ከሚችል ባለመብት ነው፤ ከአበዳሪ፣ ከአለቃና ከወላጅ።

እነዚህ ሦስቱ በብዛት የሚገኙበት አካባቢ ቢፈለግ የዋሽንግተን ዙሪያ ከፊተኞቹ ይሰለፋል። በሜሪላንድ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት አለባት፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ዋይት ኦክ በተባለው ሰፈሯ ነው። በቨርጂኒያ በኩል አሌክሳንድሪያ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤትንና ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንን ይዛለች። የፌዴራል ሠራተኛው፣ የጦር መኮንኑ፣ ጠበቃውና የኮንትራት ድርጅት ተቀጣሪው ኑሮውን በደመወዝ ደረጃና በቤት ብድር ያሰላል። እዚያ ካሉት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንም አብዛኞቹ ስሌቱን አሳምረው ያውቁታል፤ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብ ስላለባቸው እንዲያውም አንድ መስመር ይጨምሩበታል። ቡድሂስት ምንኩስና በዚህ ቦታ ሥር የሰደደው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ጥያቄዎቹ ከየት እንደ መጡ የመነኮሳቱ የሥርዓት መጽሐፍ ራሱ ይተርካል። እያንዳንዱ ሕግ የወጣበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሆነ ሰው ያመጣው ጣጣ ነው። የመጋዳ ንጉሥ ቢምቢሳራ በጠረፍ የተነሳ ሁከት እንዲያበርዱ ወታደሮቹን ሲያዝዝ፣ ከእነሱ መካከል ነፍስ ማጥፋትን የፈሩት ወደ መነኮሳቱ ሸሽተው ልብሳቸውን ለወጡ። ንጉሡ ወደ ቡድሃ ሄዶ አመለከተ፤ እምነት የሌላቸው ነገሥታት ለዚህ ነገር መነኮሳቱን ሊጎዱ እንደሚችሉም አስጠነቀቀ። ከዚያ ወዲያ በንጉሥ አገልግሎት ላይ ያለ ሰው እንዳይመነኩስ ተደነገገ። የዕዳውም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ተበዳሪ ሸሽቶ መነኮሰ፤ አበዳሪዎቹ አይተው ሊይዙት ሲነሱ ንጉሡ መነኮሳትን ማንም እንዳይነካ አዝዟልና ተዉት ተባሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ገዳም የባለዕዳ መሸሸጊያ ሆነ ተባለ፤ ሕጉም ወጣ። የወላጅ ፈቃድ ደግሞ ከቡድሃ ቤት የመጣ ነው። ቡድሃ ልጁን ራሁላን ሲያስመነኩሰው አያቱ ሱድሆዳና አዘነ፤ ልጄ ሲሄድ አመመኝ፣ የልጅ ልጄ ሲሄድ ደግሞ ባሰብኝ ብሎ ከእንግዲህ ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅ እንዳይወሰድ ለመነ፤ ልመናውም ተፈጸመለት።

የዕድሜው ሕግ ታሪክ ለዛሬ አንባቢ ከሁሉም የቀረበ ሳይሆን አይቀርም። ኡፓሊ የተባለ ልጅ ወላጆች ስለ ልጃቸው እንጀራ ይመክራሉ። ጽሕፈት ቢማር ጣቶቹ ይታመማሉ፤ ሒሳብ ቢማር ደረቱን ያመዋል፤ የገንዘብ ልየታ ቢማር ዓይኑን ይጎዳዋል። መነኮሳቱ ግን ጥሩ ይበላሉ፣ ነፋስ በማይገባበት ይተኛሉ፤ እንግዲያው ይመንኩስ ይላሉ። ኡፓሊ ይህን ሰምቶ ጓደኞቹን አስከትሎ ሄደ፤ አሥራ ሰባት ነበሩ። ሌሊት ሲነጋጋ ገንፎ ስጡን እያሉ አለቀሱ። የሃያ ዓመቱ ገደብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሙያን ትቶ ወደ ገዳም መሄድ ድካምን ለመሸሽም ሊሆን እንደሚችል ጥንታዊው መጽሐፍ አልደበቀም።

ሀብቱን ጥሎ ወደ ቡድሃ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ግን ያሳ ይባላል። የቫራናሲ ባለጸጋ ነጋዴ ልጅ ነበር። አንድ ሌሊት ከግብዣ በኋላ ነቅቶ የተኙትን አዝማሪዎች ሲያይ ተሰቀቀ፤ የወርቅ ጫማውን አጥልቆ ከቤቱ ወጥቶ ቡድሃን አገኘ። ሊፈልገው የመጣው አባቱ ከምእመናን የመጀመሪያው ሆነ፤ የያሳ ጓደኞችም ከአምሳ በላይ ሆነው ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ የመናኝ ልጅና የምእመን አባት ጥንድነት የቡድሂስት ገዳም ኑሮ መሠረት ሆኗል፤ አንዱ ካልሠራ ሌላው አይበላም።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው እንደ መነኑ ትውፊት ይናገራል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የቡድሃ ታሪክ ራሱ ስሙን ለውጦ ግእዝ ውስጥ መግባቱ ነው። በራላምና ይዋሰፍ የተባለው መጽሐፍ፣ ንጉሥ አባቱ ሕመምንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ስለ ዘጋበትና በኋላ ዙፋኑን ትቶ ስለ መነነ የህንድ መስፍን ያወራል። ታሪኩ ከህንድ ተነስቶ በፋርስ፣ በዐረብና በጆርጂያ ሲያልፍ ክርስቲያናዊ ሆነ፤ ይዋሰፍ የሚለው ስም ደግሞ ቦዲሳትቫ (ቡድሃ ለመሆን በመንገድ ላይ ያለ) የሚለው ቃል በየቋንቋው ሲንከባለል የደረሰበት መልክ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ1553 ሲሆን፣ ትርጉሙ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለሆኑት ለአባ እንባቆም ይሰጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የቡድሃን ሐውልት አይቶ ምንድነው ብሎ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የሰውየውን ታሪክ በሌላ ስም ከአያቶቹ መጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል።

አሜሪካውያን ከቡድሂስት ገዳም ኑሮ ጋር የተዋወቁት በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ነው። በ1832 የተወለደው ኮሎኔል ሄንሪ ስቲል ኦልኮት በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን በጦርና በባሕር ኃይል ሚኒስቴሮች ውስጥ የገንዘብ ማጭበርበርን ሲመረምር ቆይቶ፣ በ1865 የፕሬዚዳንት ሊንከን ግድያ ምርመራ ላይም ተካፍሏል። ከዚያ በኒውዮርክ ጠበቃ ሆነ። በ1878 ጥብቅናውን ትቶ ወደ ህንድ ተጓዘ፤ በ1880 በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) ጋለ ከተማ አምስቱን የምእመናን ትእዛዛት ተቀበለ። መነኩሴ ግን አልሆነም፤ ዕድሜውን የጨረሰው ትምህርት ቤት በመክፈትና ማኅበር በመምራት ነው። የኢንጂነሩ የድዋይት ጎዳርድ ነገር ይለያል። ለመንግሥት የሸጠው ፈጠራ ጡረታ ለመውጣት የሚበቃ ገንዘብ አስገኘለት፤ ቀድሞ በቻይና ክርስቲያን ሚሲዮናዊ የነበረው ይህ ሰው በ1934 የቡድሃ ተከታዮች የሚል የመነኮሳት ማኅበር ለአሜሪካውያን አቋቋመ። አንዱን ቤት በቬርሞንት፣ አንዱን በካሊፎርኒያ አሰበ። ማኅበሩ ብዙ አልቆየም፤ ላለማግባት የቆረጠ ሰው ጠፋ። ሌላም የጎደለው ነበር፤ መነኮሳቱን በየቀኑ የሚመግብ የምእመናን ሰፈር አልነበረም።

ያ ሰፈር በዋሽንግተን የተገኘው በኤምባሲዎች በኩል ነው። መዲሄ ፓንያሲሃ የተባሉ የሲሎን ታላቅ መነኩሴ በ1964 አሜሪካን ጎበኙ፤ በዋና ከተማዋ መነኮሳት የሚቀመጡበት ቤት እንዲከፈት ሐሳብ ያነሱትም እሳቸው ናቸው። በ1966 የዋሽንግተን ቡድሂስት ቪሃራ (ገዳም) ተመሠረተ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የቴራቫዳ፣ ማለትም የስሪላንካና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቡድሂስቶች ሥርዓት፣ መቀመጫ ነው። ዛሬ የሚገኝበት ቤት በ16ኛው መንገድ ላይ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። መንገዱ ከዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን ይወጣና ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ ያልቃል፤ በግራና በቀኙ የየሃይማኖቱ ቤት የተደረደረበት ነው። የጊዜው አጋጣሚም ረድቷል። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የእስያን ሰው የሚገድበውን የኮታ አሠራር ስላፈረሰ፣ ከዲፕሎማቶቹ ቀጥሎ ሐኪሙ፣ ኢንጂነሩና ተማሪው መጡ።

በ1968 ወደ ቪሃራው የመጡት ሄኔፖላ ጉናራታና የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ናቸው። በ1927 በሲሎን ገጠር ከድሃ ቤተሰብ ተወልደው በ12 ዓመታቸው የመነኮሱ፣ በህንድ ዝቅ ተደርገው በሚታዩ ወገኖች መካከል ያገለገሉ፣ በማሌዢያም ያስተማሩ ናቸው። ዋሽንግተን ሲደርሱ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኑ፤ ጎን ለጎን አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1980 በፍልስፍና የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የቪሃራው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙያቸውን ስለ መተው የሚያስቡ የዋሽንግተን ሰዎች ምክር የጠየቁት አንድ ቀን እንኳ ሙያ ኖሯቸው የማያውቁትን መነኩሴ ነበር፤ መነኩሴው ግን በእነሱ አገር ዲግሪ በዲግሪ ላይ ይደራርቡ ነበር። በ1991 ስለ ተመስጦ በተራ እንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ ወደ ብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደው የብሩክሊኑ ተወላጅ ብሂኩ ቦዲ ነው። በ1944 ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1972 ከክሌርሞንት በፍልስፍና ዶክትሬቱን እንደ ያዘ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ከፊቱ ሳለ፣ ወደ ስሪላንካ ሄዶ መነኮሰ። ከ1979 እስከ 1982 በዋሽንግተኑ ቪሃራ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ስሪላንካ ተመልሶ የፓሊ መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ብዙ ዓመት አሳለፈ። ዛሬ የቡድሃን ንግግሮች በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው በአብዛኛው የሚያነበው የእሱን ትርጉም ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በስደተኞች በኩል ነው። በ1975 ፕኖም ፔንና ሳይጎን ከወደቁ በኋላ የመጡት ካምቦዲያውያን በ1976 በሜሪላንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ቤተ መቅደሳቸው ዛሬ በኒው ሃምፕሺር ጎዳና ላይ ነው። ጎዳናው የየሃይማኖቱ ቤት በብዛት ስለተሰለፈበት ወደ ሰማይ የሚወስድ አውራ ጎዳና የሚል ቅጽል ወጥቶለታል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም የሚገኘው በዚሁ ጎዳና፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ነው። የታይ ማኅበረሰብም በዚሁ ዘመን የራሱን ቤት አቁሟል፤ ዋት ታይ በሲልቨር ስፕሪንግ ሌይሂል መንገድ ላይ ይገኛል። በቨርጂኒያ በኩል ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ ደግሞ ሆዋ ንየም የተባለው የቬትናማውያን ፓጎዳ ከፎርት ቤልቮር የጦር ሰፈር ጋር ተጎራብቶ ተቀምጧል። ቢምቢሳራ ይህን ጉርብትና ቢያይ ወታደሮቹን ይቆጥር ነበር።

የታይ ሰዎች የንጉሥ አገልጋይን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። በባህላቸው ወንድ ልጅ በዕድሜው አንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለአንድ ክረምት መነኩሴ ሆኖ መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ምስጋናው ለእናቱ ይሆናል ይባላል። ስለዚህ የታይላንድ መንግሥት ለመመንኮስ ለሚሄድ ሠራተኛው እስከ 120 ቀን ደመወዝ የማይቋረጥበት ፈቃድ ይሰጣል። ንጉሥ ቡሚቦልም በ1956 ለ15 ቀን መነኩሴ ሆነው ወጥተዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እንዲህ ያለ ፈቃድ አያውቅም። በዚያ ያለ ሠራተኛ መልቀቂያ ያስገባል፤ የጦር ሠራዊት ውል ያለበት ውሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ምንኩስና ከሥራ ጋር የሚስማማበት መንገድ የፈለጉም አሉ። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ፑልስቪል የሚገኘው የቲቤት ሥርዓት ማዕከል፣ ኩንዛንግ ፓልዩል ቾሊንግ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ አሜሪካውያን ወንዶችና ሴቶች የመነኮሱበት ነው። በቲቤት ሥርዓት የመነኮሱ ምዕራባውያን ግን በየቀኑ የሚመግባቸው ሰፈር ስለሌላቸው ብዙዎቹ ውጭ ሥራ እየሠሩ ይኖራሉ።

ጉናራታና የከተማውን ቤት በቂ ሆኖ አላገኙትም። ቪሃራው የስሪላንካውያን የበዓል፣ የልደትና የሙታን መታሰቢያ ማዕከል ነበር፤ ዝምታ ፈልጎ የሚመጣ አሜሪካዊ የሚያድርበት ክፍል አልነበረውም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካዊው ማቲው ፍሊክስታይን ጋር ሆነው በዌስት ቨርጂኒያ ሃይ ቪው ጫካ ገዝተው ባቫና ሶሳይቲን መሠረቱ። ከዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በጫካው ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ጎጆ እዚህም እዚያም ተሠራች፤ የዋልድባን ወይም የማኅበረ ሥላሴን አሠራር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሳምንቱን ቢሮ የዋለው የዋሽንግተን ሰው ዓርብ ማታ ይደርሳል፤ እሁድ ይመለሳል። ከብዙዎቹ ውስጥ ጥቂቶቹ ቀርተው ይጠይቃሉ።

ለሚጠይቀው ሰው መንገዱ ረጅም ነው። በኢትዮጵያ ገዳም አመክሮ እንደሚባለው፣ በጫካ ገዳማቱ እጩው ነጭ ልብስ ለብሶ ስምንት ትእዛዛትን ይዞ አንድ ዓመት ያህል ያገለግላል፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ያበስላል፣ መኪና ይነዳል። ቀጥሎ አሥር ትእዛዛት ያሉትን የረድእነት ደረጃ ይቀበላል፤ ከአሥሩ የመጨረሻው ወርቅና ብር አለመቀበል ነው። ሙሉ መነኩሴ ሲሆን 227 ሕጎች ይጠብቁታል። ለዚህ ሥርዓት በመካከለኛው የህንድ ምድር አሥር መነኮሳት ያስፈልጋሉ፤ በጠረፍ አገር ግን አምስት ይበቃሉ ይላል ሕጉ። አሜሪካ በዚህ አቆጣጠር ጠረፍ ናት።

ሰውየው ያኔ ሦስት ልብስ፣ አንድ ሳህን፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ መቀነትና የውሃ ማጥለያ ይኖረዋል። ገንዘብ አይነካም፤ ለጥርሱ ሕክምና እንኳ ከምእመናን የተመረጠ መጋቢ ይከፍልለታል። ምግቡን ከቀትር በፊት ይጨርሳል። ኢትዮጵያዊው ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲታገሥ ይህኛው በስድስት ሰዓት ያቆማል። ያልተሰጠውን አይበላም፤ ዛፍ ላይ ያለ ፍሬ እንኳ ሰው አንስቶ በእጁ ካልሰጠው የእሱ አይደለም። ይህ ሕግ መነኩሴው ከሰፈር ርቆ እንዳይጠፋ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰው ሊያየው ግድ ነው። እንደ ባቫና ባሉ ቦታዎች የሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያ ስሪላንካውያንና ታዮች ድስታቸውን ጭነው ተራራ የሚወጡት ለዚህ ነው።

ከጥንቶቹ ጥያቄዎች ዛሬ በአሜሪካ ከባዱ የዕዳው ነው። የቢምቢሳራ ዘመን ባለዕዳ የሸሸው በአካል ከሚያሳድዱት አበዳሪዎች ነበር፤ የዋሽንግተኑ ጠበቃ ወይም ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲ ብድር፣ የቤት ብድርና የክሬዲት ካርድ አለበት። የተማሪ ብድር በኪሳራ አዋጅ እንኳ በቀላሉ አይሰረዝም፤ የካቶሊክ ገዳማትም በዚሁ ምክንያት እጩዎችን ያዘገያሉ። ገዳሙ ብድሩን አይከፍልም፤ መነኩሴው ገንዘብ ስለማይነካ ራሱም ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ዓለምን ለመተው የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ዓመታት ጠንክሮ ሠርቶ ዕዳውን መጨረስ ይኖርበታል። የጤና መድን ሌላው ቋጠሮ ነው፤ በአሜሪካ መድን በብዛት ከሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራውን የተወ ሰው ሐኪሙንም አብሮ ሊያጣ ይችላል። የወላጅ ፈቃድ ግን ለጎልማሳ አሜሪካዊ ብዙ ጊዜ ስልክ ደውሎ የሚጨርሰው ነገር ሆኗል፤ በእስያ ልጆች ዘንድ ያው የጥንቱ ክብደት አለው።

ለሴቶች ጥያቄው የባልንም ፈቃድ ይጨምራል። በቴራቫዳ ዘንድ የሙሉ መነኮሳይያት የዘር ሐረግ በስሪላንካ በ11ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ተቋርጦ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በህንድ በተደረጉ ሥርዓቶች እንደገና ተጀመረ፤ የታይላንድ የመነኮሳት ጉባኤ ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ጉናራታና ከደገፉት መካከል ናቸው።

ከኢትዮጵያ ምንኩስና የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር መውጫው ነው። ቆብ የጫነ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው፤ በሥርዓቱ ላይ የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፤ ቆቡን ቢጥል ነውሩ ከቤተሰቡ ይደርሳል። የቡድሂስት መነኩሴ ግን የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን አይገባም። መውጣት ሲፈልግ ሥርዓቱን ትቻለሁ ብሎ ቃሉን ለሚገባው አንድ ሰው በግልጽ ይናገራል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምእመን ነው። ከአሜሪካውያኑ ብዙዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲህ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞ ሙያቸው፣ አንዳንዶቹ ተመስጦን ወደ ማስተማር። በሚወጣበት ጊዜ የሚጠይቀው የለም። ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ቢፈልግ ግን በጉባኤው ፊት እንደ አዲስ ይቆማል፤ ከለምጹ ጀምሮ እስከ ሳህኑ፣ እስከዚያ የሰበሰበው ዕዳም ሳይቀር፣ እንደገና ይጠየቃል።